ቨርዥን ሰባት እና የጋሽ ሀሜሶ ቆርቆሮ

ሰኞ

ሸጡት። ለጋሽ ሀሜሶ የያዝኩትን ቆርቆሮ ሐይቅ ዳር ያለው ሁለተኛው ሱቄ ለአንድ ሎጅ ሸጦ፣ አስጭኖ ሸኝቶታል። እኔ ያወቅኩት ጋሽ ሀሜሶ አይሱዙ ይዘው መጋዘኑ በር ላይ ከቆሙ በኋላ ነው።

ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ታቦር ሰፈር ያለው ቤታቸው ጣሪያው ወርዷል። የወረደውም «ዕቃው ተይዟል፣ አናጺዎቹን ይጥሩ» ስላልኳቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል።

አልተቆጡም። «ትርንጎ፣ አንቺ ይዣለሁ ካልሽ እኔ መች ጠይቄ አውቃለሁ?» ብለው መኪናውን ባዶውን መለሱት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሐይቅ ዳር የሚሸጥልኝ ተሾመ ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ ኮምፒውተሩ አለ ይላል። ጠመኔም የለበትም። በምን ልወቅ?» አለኝ። ልክ ነው። ሁለቱ ሱቆች የሚሸጡት ከአንድ መጋዘን ስለሆነ፣ ለሰው የተያዘ ዕቃ ላይ በጠመኔ ስም እንጽፍ ነበር። ባለፈው ሳምንት አስቀረሁት። የሱቆቹን የሽያጭ ፕሮግራም የሚሠሩልን ልጆች «አንዱ ሱቅ የያዘውን ሌላው እንዳይሸጠው የጠየቁት ነገር ቨርዥን ሰባት ላይ ገብቷል» ብለው መልእክት ላኩልኝ። ቨርዥን ሰባት ተጫነልን። የጋሽ ሀሜሶ ቆርቆሮ ላይ «የተያዘ» የሚለውንም በራሴ ጣት ነው የተጫንኩት።

ገብቷል አሉኝ እኮ! በጽሑፍ!

ማክሰኞ

ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለው የፕሮግራሙ ልጆች ቢሮ በጠዋት ሄድኩ። ኃላፊያቸው ሳሙኤል ገና ቁርሱን እየበላ ነበር። ስነግረው ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ደንበኛ ለሚጠይቀው ነገር ሁሉ ካርድ የሚከፍቱበት የሥራ መከታተያ አላቸው። የኔ ካርድ አረንጓዴ ሆኗል። «አለቀ» ይላል። ጎኑ ላይ ሰባት ቁጥር አለ።

«ይኸው እትዬ፣ ሰባት ላይ ነው።»

«እኔ ካርድ አልሸጥም» አልኩት። እዚያው ቁጭ ብዬ በስልኬ አንድ ካርቶን ሚስማር ያዝኩ። ተሾመን ደውዬ «ሽጠው» አልኩት። ሸጠው። ሳሙኤል ዳቦውን አስቀመጠ።

ምክንያቱን ለማግኘት እስከ ምሳ ቆየን። ድሮ የትኛው ሥራ በየትኛው ቨርዥን እንደሚወጣ ሰው ነበር የሚጽፈው። ሰው ይረሳል። ስለዚህ መከታተያው ራሱ እንዲጽፍ አደረጉት፤ ካርድ «አለቀ» ሲባል ያልተዘጋውን ቨርዥን ቁጥር ይለጥፍበታል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ልጆቹ ኔትወርኩን ስለማያምኑት አዲሱን ቨርዥን በፍላሽ ገልብጠው፣ በባጃጅ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ነው የሚጭኑት። «ሰባት ወጥቷል» ብለው የሚዘጉት የመጨረሻው ደንበኛ ጋ ከደረሱ በኋላ ነው። ፍላሹ ከተማውን ሲዞር ቢሮ የቀሩት ይሠራሉ። የሚጨርሱት ሁሉ ሰባት ይለጠፍበታል፤ ፍላሹ ላይ ግን የለም። የኔም እንደዚያ ነው።

መኪናው ከወጣ በኋላ መጋዘን የገባውን ዕቃ በዚያ መኪና ተጭኗል ብሎ መፈረም ማለት ነው። እኔ ጋ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ቢኖር በዚያው ቀን አሰናብተዋለሁ።

ሳሙኤል ግን መልስ አያጣም። «በስንተኛው ቨርዥን እንደሚወጣ ወዲያው ንገሩኝ እያሉ የጨቀጨቁን እርስዎ አይደሉም እንዴ? ይሄንን የሠራነው ለእርስዎ ብለን ነው።»

«ቁጥር ጠየቅኩህ እንጂ ዋሸኝ አልኩህ?»

«ሲስተሙ እኮ ነው…»

«መልእክቱ ስር ያለው ስም የማን ነው?»

ስክሪኑን ወደ ራሱ መለሰው።

ረቡዕ

ሌሊቱን ዘነበ። ማታ ለጋሽ ሀሜሶ ሸራ ልኬ ነበር፤ ሳሎኑን ሸፍኗል፣ መኝታ ቤቱን አላዳረሰም። ጠዋት ስሄድ ጋሽ ሀሜሶ ፍራሹን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ውሃ በባልዲ ይቀዳሉ። ባለቤታቸው ሰላምታዬን በጭንቅላታቸው ብቻ መለሱ።

ሎጁ ጋ ሄድኩ። ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ተመቷል። የተመታ ቆርቆሮ ነቅዬ ምን አደርገዋለሁ? ሻሸመኔ ደወልኩ፤ ያንን ውፍረት የለም። በመጨረሻ ጠላቴ ጋ ሄድኩ፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ነጋዴ ጋ። ፈገግ ብሎ «ኮምፒውተር የገባ ጊዜ እንዲህ ነው እትዬ» አለኝ። ዋጥኩት። ግማሹን ሰጠኝ። የቀረውን ከነገ ወዲያ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ አለ።

ከሰዓት በኋላ ሳሙኤል ደወለ። በሐሰት ሰባት የተለጠፈበት የኔ ካርድ ብቻ አይደለም። አንድ መድኃኒት ቤት ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ፕሮግራሙ እንዲያስጠነቅቀው ጠይቆ ነበር። ለእሱም «ገብቷል» ብለውታል።

«ነገራችሁት?»

«አላወቁም እኮ። በስምንተኛው ይገባላቸዋል፤ እስከዚያ ለምን እናስደነግጣቸዋለን?»

ከቆርቆሮው ይልቅ ደሜን ያፈላው ይሄኛው ነው። ሰውየው ማሽኑን አምኖ መደርደሪያውን ማየት ትቶ ቢሆንስ? እኔ ጠመኔውን እንደተውኩት? «አሁን ደውልለት። ካልደወልክ እኔ በእግሬ ሄጄ እነግረዋለሁ» አልኩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ «ደወልኩ። ሰደቡኝ» አለኝ። ደግ አደረጉ።

ሐሙስ

ሳሙኤልንና ልጆቹን የጠየቅኳቸው፦

ቁጥሩ ካርዱ ሲያልቅ ሳይሆን ሥራው ፍላሹ ላይ ሲገለበጥ ይለጠፍ።

ፍላሹ እንደተገለበጠ ቨርዥኑ ይዘጋ። ማን ጋ ደረሰ የሚለው ሌላ ነገር ነው።

«ገብቷል» ከማለታቸው በፊት ሱቄ መጥተው፣ እኔ እያየሁ ይሞክሩት።

ሳሙኤል «ሁሉን ወደ እጅ እንመልሰው ይሆን?» ብሎ ነበር። አይሆንም። እጅም ዋሽቶኛል። ማሽኑ ይጻፍ፤ ግን ያየውን ይጻፍ።

ማታ ስምንተኛውን ይዘው መጡ። እንደገና አንድ ካርቶን ሚስማር ያዝኩ። ተሾመ ሐይቅ ዳር ሆኖ ሊሸጥ ሞከረ፤ እምቢ አለው። ሦስት ጊዜ ሞከረ። «እትዬ፣ አሁንስ ጨከነ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጠመኔውም ይመለስ ብያለሁ።

ዓርብ

የቀረው ቆርቆሮ ከአዲስ አበባ ገባ። ራሴ አብሬ ሄጄ አስወረድኩ። የዋጋውን ልዩነት እኔ ቻልኩ፤ ሳሙኤልም ድርሻውን ይችላል፣ ተነጋግረናል። አናጺዎቹ እስከ አሥር ሰዓት መትተው ጨረሱ። ዝናቡ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጋሽ ሀሜሶና እኔ ከስር ቆመን አዳመጥን። አንዲት ጠብታ አልገባችም።

ስለ ቨርዥኑ፣ ስለ ፍላሹ ሁሉንም አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ገባኝ ልጄ። ጌታ ይባርክሽ» አሉኝ።

ወደ ማታ ደወሉ፤ ለጣሪያው አሸንዳ አለሽ ወይ ብለው። «አለ፣ ልያዝልዎት?» አልኳቸው።

«ግዴለም፣ አትቸገሪ። አሁኑኑ በባጃጅ መጥቼ ልውሰደው» አሉኝ።

ሱቁን ሳልዘጋ እየጠበቅኳቸው ነው።