ሦስት ዙር ለአባ ወጀብ

ሰኞ፣ የካቲት 3

አልቆመም። ዛቡን፣ የልጓሙን ጠፍር፣ እስከ ደረቴ ድረስ ጎተትኩት፣ ፈረሱ ግን ጭራሽ አንገቱን ዘርግቶ በጁባ ሸሪካት ሰፈር መሀል ይዞኝ ነጎደ። የፈረሱ ጠባቂ ጋትሉዋክ ከኋላ እየሮጠ ይጮሃል። በመጨረሻ ያቆመው የአንድ ቤት አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴትዮ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ በዐረብኛ «ማሌሽ፣ ማሌሽ» እያልኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ በአንገቱ በኩል ተንሸራትቼ ወረድኩ። ሴትዮዋ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፣ ጭኔ ተልጧል።

ስድስት ቀን ቀረኝ። እሑድ የአባዬ አርባ ነው።

በእኛ አገር፣ በእንጅባራ በኩል፣ ፈረሰኛ ሲሞት ልጁ በፈረስ ለቅሶተኛውን ሦስት ጊዜ ይዞርና እናቱ ፊት አቁሞ የአባቱን የፈረስ ስም ይጠራል። የአባዬ የፈረስ ስም አባ ወጀብ ነው። የሞተው የገና ማግስት። አገሩ ሰላም ስላልነበር ቀብሩ በጥድፊያ አለቀ፤ ፈረስ አልወጣም፣ ስሙ ሳይጠራ ቀረ። እማዬ ደግሞ እዚህ ጁባ፣ እኔ ቤት። የልጅ ልጇን ልታይ በመስከረም መጣች፣ መመለሻ መንገዱ ተዘጋ፣ ባሏን ሳትቀብር ቀረች። ያመጣኋት እኔ ነኝ።

ከመርዶው ወዲህ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። የምግብ ቤቴ በር ላይ የፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ የሃይ ማላካል ሰፈርን አላፊ አግዳሚ ስታይ ትውላለች። እህል በግድ ነው የምትቀምሰው። ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «አንተ ፈረሰኛ አይደለህ እንዴ? እዚህ አገር ፈረስ ጠፋ?»

«ለአርባው አመጣለሁ» አልኳት እንጂ፣ ምነው በጠፋ።

ማክሰኞ፣ 4

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፣ ለሰው አልተናገርኩትም። እኔ ፈረሰኛ አይደለሁም። ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ የአባዬ ነው፣ በወጣትነቱ፣ ፈረሱ ላይ። መልካችን አንድ ስለሆነ ደንበኛው ሁሉ እኔ እመስለዋለሁ። የእንጅባራ ሰው ነኝ ስል «እንግዲያ ፈረስ ላይ ነዋ የተወለድከው» ይሉኛል፣ እኔም ፈገግ እላለሁ። ጁባ ከገባሁ ጀምሮ ፈገግ እንዳልኩ ነው። አሁን ሰፈሩ በሙሉ «ፈረሰኛው» ነው የሚለኝ።

ከዚህ ሳምንት በፊት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ጋልቤያለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ፈረሱ ይዞኝ በረረ፣ የሰው አውድማ በትኖ አለፈ፣ ቦይ ውስጥ ጣለኝ። አባዬ ደርሶ አነሳኝ፣ ጭቃዬን ጠረገልኝ። ቤት ስንገባ ለእማዬ «ልጅሽ ጎበዝ ነው፣ አቆመው» አላት። እኔም ዝም አልኩ። በዓመቱ ባሕር ዳር አጎቴ ጋ ለትምህርት ላኩኝ። እስከ ዛሬ የተላክሁት ፈረሱን ስላላቆምኩት ይመስለኛል።

ዛሬም አልቆመም። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ጾመ ነነዌ ላይ በባዶ ሆድ ፈረስ መማር የጤና አይደለም።

ረቡዕ፣ 5

ስለ ጋትሉዋክ። ኑዌር ነው፣ በየበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው። ጋምቤላ በስደት አድጎ፣ አዲስ አበባ ጃን ሜዳ አካባቢ ፈረስ ሲያለማምድ ብዙ ዓመት ኖሯል። አሁን ሸሪካት የአንድ የዳርፉር ነጋዴ ፈረስ ይጠብቃል፤ ለሠርግ ፎቶ የሚከራይ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። አማርኛው ከእኔ ይጣፍጣል። መጀመሪያ ስንገናኝ «ጋሼ፣ አገርህ የት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ቆም ብሎ አየኝ። «የእንጅባራ ሰው፣ እኔ ጋ ፈረስ ሊማር መጣ?» አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የሚለኝን እንዳልረሳው፦

መጀመሪያ ቁጭ ማለት። በወገብ፣ ክብድ ብሎ።
ትንፋሽ ማውጣት።
ተረከዝን ከጎኑ ማላቀቅ። እኔ ስፈራ በተረከዜ እጨምቀዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ሂድ የተባለ ይመስለዋል።
ዛቡን መጨበጥ። መጎተት አይደለም።
የቆመ እንደሆነ ወዲያው መልቀቅ።

ያቃተኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ዛሬ አንድ ጊዜ፣ ለአፍታ፣ ቆመ። ደስ ሲለኝ ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩት፤ ራሱን ወርውሮ ሄደ። ጋትሉዋክ አዘነብኝ። «ጋሼ፣ ቆሞልህም ትጎትተዋለህ። ታዲያ ምን አገኝ ብሎ ይቁም?»



ሐሙስ፣ 6

ሚስቴ ሰናይት ደረሰችበት። የሱሪዬ ጠረን አጋለጠኝ። ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቆጣች። «ወድቀህ ብትሞት በአንድ ድስት ሁለት ተዝካር ልደግስ ነው? ሂድና ለእናትህ እውነቱን ንገራት።»

ልክ ናት። ልነግራት ወደ በሩ ወጣሁ። እማዬ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ቀይ ጨርቅ አስገዝታ ኖሯል፣ ፈረሱ የሚለብሰውን ግላስ ነው የምትሰፋው። ዳር ዳሩን ዘርፍ አድርጋለታለች። መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ወርዷል። ቀና ሳትል «አባትህ ቀይ ይወድ ነበር» አለችኝ።

ተመልሼ ገባሁ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

ዓርብ፣ 7

ከዐሥር ጊዜ ሦስቱን ቆመ። ግን እኔ ባልኩት ቦታ አይደለም፣ እሱ ደስ ባለው ነው። ሰባት ስምንት እርምጃ ያልፋል፣ ከዚያ ሐሳቡን እንደቀየረ ሰው ቀስ ብሎ ይቆማል። ወደ ግራ ቀኝ ማዞሩን ለመማር ጊዜ የለም። ጋትሉዋክ «ግቢ ውስጥ አጥሩን ይዞ ራሱ ይዞራል፣ በየሠርጉ ለምዶታል። አንተ ማቆሟን ብቻ ያዝ» አለኝ።

መዳፌ ተልጧል። ሹካ መያዝ እንኳ ያመኛል። ማታ እማዬ እጄን አየችው።

ቅዳሜ፣ 8

ጋትሉዋክ ፈረሱን በወንዙ ድልድይ አሻግሮ እኛ ጋ አመጣው። እማዬ ከሰናይት ጋር ቤተ ክርስቲያን ስለነበረች፣ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ ሞከርን። የእሷን ወንበር ለአርባው የጣልነው ዳስ ፊት አስቀመጥኩና በፈረሱ ዞርኩ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አምስቱንም ወንበሩን አለፍኩት።

ጋትሉዋክ ላቡን ጠረገ። «ጋሼ፣ አትቀየመኝ። ነገ አይሆንልህም። እኔ በገመድ ልምራልህ።»

አልተቀየምኩትም፣ እውነቱን ነው። ግን እማዬ ቀይ ግላስ ሰፍታ፣ ልጇ እንደ ሕፃን በገመድ ሲሳብ ልታይ ነው? እምቢ አልኩ። እምቢ ያልኩት እንደምችል አስቤ አይደለም። ተስፋ የለኝም። ነገ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እዋረዳለሁ፣ አባዬም ሁለተኛ ጊዜ ሳይጠራ ይቀራል።

እሑድ፣ 9

እንደምንም ልጻፈው።

ፍትሐቱ ጠዋት ተደረገ። ሰዉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ዳሱ ፊት ተቀመጠች። ጋትሉዋክ ፈረሱን ከነግላሱ ሲያመጣው ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ኮርቻው ላይ ወጣሁ።

በመጀመሪያው ዙር እማዬን አለፍኳት። ሦስት መሆኑን ስለሚያውቁ ማንንም አልገረመው። በሁለተኛው፣ ከሰማኝ ብዬ ዛቡን ጨበጥ አደረግኩ፤ አልሰማኝም። በሦስተኛው ገና ሳልደርስባት ቁጭ አልኩ፣ ተነፈስኩ፣ ተረከዜን አላቀቅኩ፣ ጨበጥኩ። ሄደ። አለፋት። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት እርምጃ ሄዶ የውሃ በርሜሎቹ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከፊቴ በርሜልና የቆርቆሮ አጥር። እናቴና ለቅሶተኛው በሙሉ ከኋላዬ። ብነካካው እንደሚሄድብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ለቆርቆሮው ጮህኩ። «አባ ወጀብ! የአባ ወጀብ ልጅ ነኝ!» 

ያኔ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የማን እንደሆነ አላወቅኩም። እማዬ ናት። ስሙን እየጠራች፣ ደረቷን እየመታች፣ የአርባ ቀኑን ለቅሶ በአንድ ጊዜ አወጣችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔ ፈረስ ላይ ሆኜ በርሜል እያየሁ እናቴ ስታለቅስ ሰማሁ፤ ዞሬ ላያት አልቻልኩም። እኔም አለቀስኩ።

ጋትሉዋክ መጥቶ እጄን ያዘኝ። «ጋሼ፣ ቆሟል እኮ። ልቀቀው።» ጣቶቼን አንድ በአንድ የፈታቸው እሱ ነው።

ከሰዓት፣ ሰዉ ሲበተን፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዓይኗ አብጧል። ዛሬ ሳትለመን በላች።

«ለምን ጀርባህን ሰጠኸኝ?» አለችኝ።

መዋሸት ደከመኝ። «ማዞር አልተማርኩም፣ እማዬ። ማቆም ብቻ ነው የተማርኩት፣ እሱንም በዚህ ሳምንት።»

መዳፌን ገልብጣ አየችው። ከዚያ «ያኔስ፣ በልጅነትህ፣ አቁመኸው ነበር?»

«አላቆምኩትም።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሱሪህን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ? አባትህ ደስ ብሎት ሲያወራ ምን ልበለው?»

ነጠላዋን አስተካከለች። ነገ ደግሞ መንገዱ ተከፍቶ እንደሆነ ጠይቅልኝ አለችኝ፤ መቃብሩን ማየት ትፈልጋለች።

«እጠይቃለሁ» አልኳት። «ሳይከፈት አይቀርም።»

ትናንት ጠይቄ ነበር። ዝግ ነው።