ስልካቸውን ላመኑን ጎረቤቶች

ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? እማዬስ፣ ያ ሳል ለቀቃት? ባለቤትሽና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከድካም በቀር ደህና ነኝ፤ በእኔ አታስቢ።

ዝም ያልኩሽ ጨክኜ አይደለም፤ ሥራው ፋታ ነስቶኝ ነው። ጎረቤቶቻችን ስልክ ላይ እንድታስጭኚልኝ የለመንኩሽ፣ መልእክት መድረስ አለመድረሱን የሚለካው ፕሮግራም ምን ላይ እንደደረሰ ልንገርሽ።

መሥሪያ ቤታችን ስልኮች በኢንተርኔት የሚነጋገሩበትን አዲስ ፕሮቶኮል እያዘጋጀ ነበር። በዚህ ደንብ መልእክቱ ተመስጥሮ ስለሚሄድ መንገድ ላይ ማንም ገልጦ አያነበውም። ቢሮ ውስጥ ስንሞክረው እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ከእናንተ ሰፈርና ከሌላም ሌላም ቦታ ፈቃደኞች የላኩልን ልኬት ግን ኩም አደረገን። ብዙ ቦታ መልእክቱ መሃል ላይ እየተቆረጠ ይቀራል። መስመሩ ላይ ያሉ የቆዩ መሣሪያዎች የማያውቁት ነገር ሲመጣባቸው የሚጥሉት መሰለን፤ ምኑን አይተው እንደሚጥሉት ግን ጠፋን።

ያኔ አለቃዬ አንድ ሐሳብ አመጣ። መለኪያው ደረሰ አልደረሰም ከማለት አልፎ፣ ሰዎቹ የትኛውን ገጽ እንደሚከፍቱም ቢነግረን ነገሩ ቶሎ ይፈታል አለ። ሁሉም ተስማማ። እኔ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። ባለሱቁ «እህትሽ ልትሰልለን ነው እንዴ?» ብሎ ሲያፋጥጥሽ በእኔ ምለሽ ነው ያሳመንሽው። አዋላጇም የእናቶችን ጉዳይ በምትጽፍበት ስልኳ ላይ ያስጫነችው አንቺን አምና ነው። እናም፣ «የሰው ምስጢር እንዳይታይ ብለን እኛው ልናየው ነው?» አልኩ። አለቃዬ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «እንግዲያው ሌላ መንገድ አንቺው ፈልጊ» አለኝ።

ፈለግኩ፤ ጉልበቴ እስኪዝል። የማንም ጉዳይ የሌለበት የሙከራ መልእክት እያዘጋጀሁ፣ ቅርጹን እየቀያየርኩ፣ የቱ እንደሚያልፍና የቱ እንደሚቀር ብቻ ማየት ጀመርኩ። ዓመቱን በላው። ባልደረቦቼ ሥራ አጓተተችብን ብለው ፊት ነሱኝ፤ ምሳዬን ብቻዬን መብላት ለመድኩ። በመጨረሻ የአዲሱን መልእክት አጀማመር ከአሮጌው ፕሮቶኮል መልእክት ጋር ስናመሳስለው እነዚያ መሣሪያዎች ሳይነኩት ያሳልፉት ጀመር። ውስጡ እንደተመሰጠረ ነው። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ደንብ ጸደቀ። ሌሎቹ አጨበጨቡ፤ እኔ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ እንቅልፍ ጣለኝ። ደስታው ገና አልመጣልኝም።

ጎረቤቶቹን አመስግኚልኝ፤ ካሁን በኋላ ከስልካቸው ቢያጠፉትም ቅር አይለኝም። ከእናንተ ሰፈር የሚላከው አሁን እየደረሰ ነው። እኔ የማውቀው ግን መድረሱን ብቻ ነው። ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ እማዬ ስለ እኔ ምን ትላለች፣ ይህን የሚነግረኝ የለም። ስለዚህ አንቺው ጻፊልኝ፤ ክፉውንም ሳትደብቂ።

እማዬን ደጋግመሽ ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋ በትምህርቷ ትበርታ፤ ትንሹን ድምቡሼ ጉንጩን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ ታናሽ እህትሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣ ሰኔ 14 ቀን