አንድ ዙር ለሁለት ሰው

ወዳጄ ማሪሙቱ፣

ግራ ገብቶኛል። የእኛ ሰፈር ኮረብታ ፍየል መሰማሪያ ነው፤ ይሄ አሩናቻላ የተባለ ተራራ ግን ራሱ አምላካችን ሺቫ ነውና ዛሬ በባዶ እግሬ ዞርኩት። ባለቤቴ ቫዲቩ፣ ዓይኔ ከዳነ ሁለታችን ተራራውን ልንዞር ተስላ እንደነበር ታውቃለህ። ዓይኔ ዳነ፣ እሷ አለፈች። ስለቷ ሳይፈጸም እንዳይቀር ብዬ የመቅደሱን ካህን ብጠይቀው፣ «ለሁለት ሰው ሁለት ዙር ነው» አለኝ። አንዲት አበባ ሻጭ ሰምታ ጥልቅ አለች።

«ምን ሁለት ያደርገዋል! ሺቫ ሚስቱን በግራ ጎኑ ይዞ አንድ አካል ሆኖ የለም እንዴ? እርስዎ ሲዞሩ እሷን የት ጥለዋት ነው፣ አባባ?»

«እሱ አምላክ ነው፤ እኔ ጉልበቴን የሚያመኝ ሽማግሌ ነኝ» አልኳት።

«እሱስ ቢሆን ሲያዩት ድንጋይ አይደል!» ብላ ሳቀችብኝ።

የማንኛቸው ልክ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ልጄ በቃህ፣ በአውቶቡስ ተመለስ ይለኛል፤ እምቢ ብያለሁ።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። ለሚስትህ፣ ለዚያ ለጨቅጫቃው ወንድምህም ሰላም በልልኝ፤ ላሜን አደራ። ነገ ደግሜ እዞራለሁ። ስለቱ ዛሬውኑ ተፈጽሞ ከሆነም፣ ከቫዲቩ ጋር አንድ ጊዜ በትርፍ ዞርን ማለት ነው።

ቼላፓን