የጣይባ የውሃ ተራ

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ አብዱልሀኪም፣ ጅቡቲ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ያ የጉልበትዎ ሕመም ተሻለዎት ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ከሮቢ ወንዝ ማዶ ጣሊያን በሰፈረበት ቦታ የቀን ሥራ መግባቴን ሰምተዋል። ባለፈው ማክሰኞ እዚያ ከተከመሩት በርሜሎች አንዱ ተነድሎ ቢጫ ጭስ ይተፋ ጀመር። ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ መንደራችን አመራ። አለቃው በአስተርጓሚ፣ በርሜሉን አትንኩት፣ ውሃውን ከጭሱ ፊት እንደ ካፊያ በትኑት አለን። የውሃ መሳቢያ መኪናቸው ከቦያችን ቅርንጫፍ ውሃ እየሳበ፣ እኔ ጎማውን ይዤ ረጨሁ። ወላሂ፣ ጭሱ ካፊያው ጋ ሲደርስ ሲሟሽሽ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ጎማው ሁለት ጊዜ አስነጠሰና እጄ ላይ ደረቀ።

አባባ የውሃ አባት ሆነው ሲመረጡ የማንንም ተራ ላያጓድሉ ቁርአን ይዘው መማላቸውን ያውቃሉ። ያን ቀን ተራው የባልቴቷ የጣይባ ነበር። ሽንኩርቷ መሃል ቆመው ውሃው ሲያንስባቸው፣ ጣሊያን እንደ ልማዱ የደሃ ውሃ ሰረቀ ብለው ወደ ላይ ወጥተው ቅርንጫፉን በጭቃ ደፈኑት። ነፋሱ ጭሱን ወደ መንደሩ ስለወሰደው እሳቸው ካሉበት አልታየም።

ጭሱ ቤታችን ገባ። እህታችንን ሐምዲያን ደጃፉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። አሁን ትንፋሿ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል፣ ድምጿም ተዘግቷል። የጣሊያኖቹ ሐኪም አይቷት ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ወተት አጠጣናት፣ ዱዓ አስደረግን፤ ምንም የሚረዳት ነገር አላገኘንም።

አባባ ራስጌዋ ተቀምጠው ለጠያቂው ሁሉ «የጣይባን ውሃ አስጥዬ ነበር፤ ለልጄ ግን አልደረስኩላትም» ይላሉ። የቅርንጫፉን መደፈንና የጎማውን መድረቅ ያገናኘ ሰው እስካሁን ከእኔ በቀር የለም። ብነግራቸው ይሞቱብኛል፤ ብደብቅ ከሌላ አፍ ይሰማሉ። ጨነቀኝ ጋሼ። ታላቄ እርስዎ ነዎት፣ አንድ ነገር ይበሉኝ።

ለባለቤትዎ ለዘምዘምና ለልጅዎ ለአብዱልመጂድ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እናታችን ጉንጭዎን ስመዋል። ሐምዲያን ምን ልበልልሽ ብላት እጄን ጨበጥ አደረገችኝ፤ ሰላምታዋ ይኸው ነው። አባባም «ተራው አልተጓደለም በልልኝ» ብለዋል።

ታናሽዎ ሷሊሕ
ሸዋ ሮቢት፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.