ከአራት አዲስ ቱቦ ይልቅ አንድ ትንሽ ድልድይ ስለመለመን

ለክቡር የመንገዳችን ሥራ ኃላፊ
ባሉበት (የት እንዳሉ ባናውቅም)

የኬንያው ሞያሌ፣ ሄሉ፤ የካቲት 1999 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለመኪናዎ ጎማም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ ከመንገዳችን ጉድጓድ ወዲህ ሆኜ እጅ እነሳለሁ። እኔ ባባ ጎበዜ የምባል፣ በዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ሽበት ያበቀልኩ፣ አሁን በሄሉ የልጅ ልጅ የማጫውት ሽማግሌ ነኝ። በስዋሂሊ ሁለቴ፣ በእንግሊዝኛ አንዴ አጽፌ ብልክልዎ መልስ ስላጣሁ፣ ምናልባት የሚወዱት አማርኛ ይሆናል ብዬ በራሴ ቋንቋ ጻፍኩ። የለጠፍኩትም በነቢል ሱቅ ግድግዳ ላይ ነው፤ እርስዎ ባያነቡት፣ በተቦረቦረው መንገድ ለማለፍ ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ጊዜ አላቸው።

አንደኛ፣ ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ቱቦ ሊያስቀብሩ በበጋ መጥተው፣ ላጋው እስከምን እንደሚሞላ እኛን ሽማግሌዎቹን ጠይቀው ነበር፤ ላጋ የምንለው በበጋ አሸዋ፣ በዝናብ ወንዝ የሚሆነውን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲያሻግርበት የኖረው ጎረቤቴ ጉዮ በዱላው ደረቱን ነካ አድርጎ አሳየዎት። እርስዎም በስዋሂሊው የሽማግሌ መጥሪያ «ሙዜ፣ እኔ እኮ የሚታየኝ አቧራ ብቻ ነው» ብለው ሳቁ፤ እኛም ለይሉኝታ ያህል አብረን ሳቅን። ከዚያ ከሰው ጉልበት የማይበልጡ ሦስት ቱቦዎች አስቀበሩ። ውሃው ግን ሳቃችንን አልሰማ ኖሮ፣ በሚያዝያ እንደ ልማዱ በጉዮ ደረት ልክ መጣ።

ሁለተኛ፣ በሪፖርትዎ ላይ «ነዋሪው ቱቦውን በእሾህ ደፈነው» ብለው እንደጻፉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ አንዱን የደፈንነው እኔና ጉዮ ነን። ጅብ ገብቶ ቤት ሠራበት፤ ፍየል ያለው ሰው ደግሞ የጅብ ደጃፍ ሲያይ እንደ በረት በር በእሾህ ይዘጋል እንጂ ደብዳቤ አይጽፍም። ጥፋተኛ ነኝ፣ ይቅጡኝ። የቀሩትን ሁለቱን ግን ያነቀው በመጀመሪያው ዝናብ ተጠራርጎ የመጣው የሰፈሩ የበረት እሾህ አጥር ነው። ለጅብ የሰፋ ቱቦ ለውሃ እንዴት እንደሚጠብ የተማሩት እርስዎ ያስረዱኝ።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ይከብዳል። ምራቴን ቦንቱን ምጥ የያዛት በዚያው ጎርፍ ቀን ነው። ሐኪም ቤቱ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ፤ አዋላጇ ፋዱሞም ወዲያ ማዶ ቀርታለች። አሰግድ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ጋቢናውን ለቀቀልንና እሱ ጣሪያው ላይ ወጣ። ፋዱሞ ከማዶ ትጮሃለች፣ እሱ ከጣሪያው ጎንበስ ብሎ ለባለቤቴ ለደስታነሽ ያቀብላል።

«ገና ነው፣ እንዳትገፋ!»

«ገና ነው ትላለች፣ እማማ!»

«እሷ ምን ቸገራት፣ ወዲያ ማዶ ሆና! ልጁ ራሱን ብቅ አድርጓል በላት!»

ያን ሁሉ ውሃ እያየን ምላጭ የምንቀቅልበት ንጹሕ ውሃ አጥተን፣ ከአሰግድ ፔርሙዝ በተረፈ ትኩስ ውሃ አጥበን እትብቱን ቆረጥን። ልጁ ደህና ነበር። ቦንቱ ግን ውሃው እስኪጎድል ደም እየፈሰሳት እዚያው ተኝታ ቆየች። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ «ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ ወደ እሷ ዞረ። እኔ ቀልድ ወዳድ ሰው ነኝ፣ ክቡር ሆይ፤ ለዚያ ላላለቀ ቃል ግን እስከ ዛሬ ቀልድ አላገኘሁለትም።

አራተኛ፣ ከሁለት ዓመት ማሰብ በኋላ ሦስት ቱቦ ካልበቃ አራት ያስፈልጋል ብለው አራት አዲስ ቱቦዎች ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ስፋታቸው ያው ነው፤ በክንዴ ለክቻቸዋለሁ። ነቢል ደጅ ተጋድመው ፍየሎች ጥላ አግኝተዋል። ጉዮ ሲያያቸው ምራቁን ጢቅ አድርጎ በዱላው እንደገና ደረቱን ነካ አደረገ። እኔም ከዚህ የተሻለ የባለሙያ አስተያየት የለኝም፤ ጎርፍ የበላውን ቱቦ በቱቦ መተካት ጅብን በፍየል ማባረር ነው።

የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። በሁለቱ ዳር የድንጋይ ግንብ፣ በላዩ የሲሚንቶ ንጣፍ፣ በሥሩ ለእሾሁም ለውሃውም የሚበቃ ባዶ ቦታ። ድንጋዩን እኛ እንለቅማለን፤ እርስዎ ባዶውን ቦታ ብቻ ይፍቀዱልን። የምንቸኩለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቦንቱ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯም ሚያዝያ ነው።

ጉልበትዎን ስሜ፣ ከአቧራው ላይ ዝቅ ብዬ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከውሃው በላይ ለመቆየት እየሞከርኩ፣ አክባሪዎ፦
ባባ ጎበዜ፣ የሮባ አያት

ማስታወሻ፦ ከዳበል የመጣችው የቦንቱ እናት እንደምትለው፣ በቦረና ወግ ሕፃን ሲወለድ የተቀበለው ነገር ስሙ ይሆናል። በድርቅ የመጣው ቦና ይባላል፤ የእኛው በዝናብ መጥቶ ሮባ ተብሏል። በሚያዝያ ድልድይ ከተቀበለው ስም አይቸግረንም። አራቱ ቱቦዎች ከተቀበሉት ግን የዝናቡን ስም ወንድሙ ስለወሰደበት የእርስዎን ልናወጣለት ተስማምተናል። ስለዚህ ሙሉ ስምዎን አሁኑኑ ይላኩልን፤ አድጎ በምን ዓይነት መዓት ቀን እንደተወለደ ሲጠይቅ፣ እናቱ በሕይወት ኖራ እንድትነግረው እንጸልያለን።