ከሲድኒ፣ ትከሻዬ ከተሰበረ በኋላ

ሲድኒ፣ ሰኔ 1910

ወንድሜ አምብሮስ፣

እዚህ የራግቢ ሜዳው እንደ ሰፈራችን ሀንስሌት ጭቃ አይደለም፤ እንደ ድንጋይ የደረቀ ነው። ቅዳሜ በጨዋታው ገና ከእረፍት በፊት ወደቅሁና ትከሻዬ ተሰበረ። ተቀያሪ ስለሌለ ሳልወጣ ሜዳው ጥግ ላይ ቆየሁ። ከተጋጣሚዎቻችን ወገን አንድ ግዙፍ ብረት ቀጥቃጭ፣ "ውጣ እንጂ ወንድሜ፤ ቁስለኛ መጣል ያሳፍረኛል" አለኝ።

"እንግዲያው አትጣለኛ" አልኩት።

ሳያመነታ ጣለኝ። ያም ሆኖ አሸነፍን።

ሐኪሙ ራግቢ አበቃልህ ብሎኛል። ስምንት ዓመት ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ አውጥቶ ያኖረኝ ራግቢ ነበር። ለጉድጓዱ አለቃ ንገርልኝ፤ በአንድ ክንድ የሚሠራ ሥራ ካለ እመለሳለሁ።

ፖስት ካርዱ ጠበበኝ። ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። ለእናታችን አንተው ንገርልኝ፤ ግን እራቷን ከበላች በኋላ ይሁን።

ዊልፍሬድ