ለጫጩቶቹ ብዬ

ሰኞ

ካርቶኑ ጠበበ። ጌታቸው በስልክ «የቴሌቪዥን ካርቶን ፈልጊ» ብሎኝ እኔ ሞኟ ከፒያሳ የብስኩት ካርቶን ተሸክሜ መጣሁ። ሃያ ጫጩት እዚህ ውስጥ ቢገባ ሲረጋገጥ ያልቃል። ነገ ደግሞ መመላለስ ሊሆን ነው።

ጫጩቶቹ ቅዳሜ ይመጣሉ። ባሌ ጌታቸው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ሳምንቱን እዚያው በኪራይ ቤት ይከርምና ቅዳሜ ወደ ደሴ ይወጣል። የአንድ ቀን ዕድሜ ያላቸውን ጫጩቶች ለመግዛት ከተመዘገበ ቆይቷል፣ አሁን ተራው ደረሰው። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ጫጩት እንዲሁ ያድጋል። የሰፈራችን የሰኞ ገበያ ብርድ ግን ሰውንም አይምርም።

የተሟላው፦ ባለ መቶ ሻማ አምፖል፣ አንድ ማዳበሪያ ሰጋቱራ ከአናጺው፣ ለውሃ የሰርዲን ጣሳ። ያልተሟላው፦ ካርቶን፣ ወንፊት ሽቦ፣ መብራት በፈረቃ የሚጠፋ ቀን የማደርገው ነገር። እና ቡቺ።

ድመቷ አታሳስበኝም። ውሮ አርጅታለች፣ ሽቦ ከተወጠረላት ይበቃታል። ቡቺ ግን ውሻ ነው፣ ያውም እንቁላል የሚበላ ውሻ። ያቺ ያለችኝ አንድ ዶሮ እንቁላል ጥላ ስታስካካ እሮጣለሁ፣ ስደርስ ጎጆው ውስጥ ቅርፊት ብቻ። ጋሽ አያሌው፣ የአጥር ጎረቤታችን፣ «እንቁላል የለመደ ውሻ ጫጩት አይምርም» አለኝ። መድኃኒቱንም ነገረኝ። እንቁላል ቀቅሎ ከነትኩሳቱ አፉ ውስጥ መክተት፣ ከዚያ መንጋጋውን ግጥም አድርጎ መያዝ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንቁላል ሲያይ አገር ለቆ ይጠፋል» አለ።

አላደርገውም።

ማክሰኞ

አደረግሁት።

ጠዋት ጎጆው ውስጥ ቅርፊት። ቡቺ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አፉን ይልሳል። ደሜ ፈላ። ከሱቅ እንቁላል ገዛሁ፣ ቀቀልኩ፣ ከውሃው አውጥቼ በጨርቅ ያዝኩት። ጨርቁን አልፎ እጄን አቃጠለኝ። እጄን እያቃጠለኝ እንኳ አላቆምኩም። ለጫጩቶቹ ብዬ ነው፣ ለጫጩቶቹ ብዬ ነው እላለሁ ለራሴ።

የሚያንገበግበኝ አጠራሬ ነው። ትራፊ ስሰጠው በምጠራው ድምፅ ጠራሁት። «ቡቺዬ፣ ና የኔ ጌታ» አልኩት። ጅራቱን እየቆላ መጣ። ያመጣሁለትን ሳያይ አፉን ራሱ ከፈተልኝ።

የቀረውን አልጽፍም። በሁለት እጄ ያዝኩት። ከለቀቅኩት በኋላ የጮኸው ጩኸት የሰው ጩኸት ይመስል ነበር። ከማዶ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ «ምነው ወይኒቱ፣ ምን ነካው?» አሉ።

«በሩ ጅራቱን ያዘው» አልኩ።

«ኧረ ውይ፣ አላህ ያሽረው» አሉ ምስኪን።

ካርቶኑን ሳልለውጥ ዋልኩ።

ረቡዕ

ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ገብቶ ተወሽቋል። ውሃ አቀረብኩለት፣ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። እንጀራ በቀዝቃዛ ወተት ፈትፍቼ ወሰድኩ፣ አልነካውም። ያየኝ አስተያየት… ተይው።

ትልቅ ካርቶን አገኘሁ። ሽቦውንም ወጠርኩ፤ ጣቴን ቧጨረኝና «እሰይ» አልኩ፣ ልክ ነው የሥራዬ ነው። አምፖሉን ከላይ አንጠልጥዬ ሞከርኩት፣ በደንብ ይሞቃል። ውሮ ወዲያው ገብታ ተኝታበታለች። ካርቶኑ ለሷ የተገዛ መስሏታል፣ አሮጊት።

ጋሽ አያሌው በአጥሩ አንገቱን አስግጎ «ሠራ?» አለኝ።

«ሠራ» አልኩ።

«አላልኩሽም!» ብሎ እየሳቀ ገባ።

ሐሙስ

ዶሮዋ ናት!

በዓይኔ በብረቱ አየሁ። መብራት የለም፣ ፈረቃችን ነው፤ በጀሪካን የሞቀ ውሃ ሞልቼ በጋቢ ጠቅልዬ ካርቶኑ ውስጥ ምን ያህል ሙቀት እንደሚይዝ እየለካሁ ነበር። ዶሮዋ አስካካች። ብቅ ብል ከጣለችው እንቁላል ላይ ተነሳች፣ ዞረች፣ አየችው፣ በመንቆሯ ነደለችው። አስኳሉን ጨልጣ መንቆሯን መሬት ላይ ወዲያ ወዲህ ጠረገች። «አንቺ! አንቺ ነሽ?» ብዬ ጫማዬን ወረወርኩባት። እዚያው መሬት ላይ ዘጭ ብዬ ቀረሁ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ቡቺ ቅርፊቱን ነበር የሚልሰው። የተረፈውን ነበር የሚለቃቅመው።

ጋሽ አያሌውን አብጠልጥዬ ልሰድበው ወጣሁና ከበሩ ተመለስኩ። እሱ ተናገረ እንጂ እጁ አልነካውም። የነካው የኔ እጅ ነው።

ዓርብ

አፉ ለሃጭ ያዝረከርካል። ክር እየሠራ ደረቱ ድረስ ይወርዳል። ዓይኑ ቀልቷል። ስጠጋው ለመጀመሪያ ጊዜ አጉረመረመብኝ። ከቡችላነቱ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አጉረምርሞብኝ አያውቅም።

እትዬ ዘሃራ ጋ እርጎ ልለምን ሄድኩ። እርጎውን እየቀዱ «ጅራቱን ነው ያልሽኝ፤ ታዲያ አፉ ምን ሆነ?» አሉ። ሲያልፉ አይተውታል።

«እንጃ» አልኩ።

«እንስሳ አይናገርም ብለሽ እንዳትዘናጊ። የቂያማ ለት አላህ አፍ ሰጥቶ ያናግረዋል፣ ወላሂ» አሉኝ። እኔን ጠርጥረው ይሁን እንዲሁ የአዋቂ ወግ ይሁን አላወቅሁም። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። እርጎውን ተቀብዬ ወጣሁ። ቡቺ እርጎውንም አልነካውም።

ጌታቸው ደወለ። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ስለሆነ እየጮኸ ነው የሚያወራው። «ለቡቺ የጫጩቶቹ ሽታ ያለበት ጨርቅ ይዤለት እመጣለሁ፤ ቀስ ብለን እናስለምደዋለን። ቡቺ ልበኛ ነው፣ ዘበኛቸው ነው የሚሆነው» አለኝ። «ደህና ነው አይደል?» ሲለኝ «ደህና ነው» አልኩ።

ጨርቅ! ጨርቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ቅዳሜ

ገቡ። ጌታቸው የመጡበትን ካርቶን በሚኒባስ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ብርድ እንዳይገባቸው በኮቱ ሸፍኖ ነው ይዟቸው የመጣው። ሃያውም በሕይወት አሉ። መብራቱ ሥር ስናፈሳቸው ቤቱ በጪው ጪው ተናጋ። ውሃ አልጠጣ ያሉትን መንቆራቸውን ጣሳው ውስጥ እየነከርን አሳየናቸው። ውሮ ሽቦው ላይ ወጥታ እንደ እመቤት ታያቸዋለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

«ቡቺ የታል? ምነው ሳይቀበለኝ?» አለ።

ከእንጨቱ ጀርባ ሲያየው ፊቱ አመድ ሆነ። ለሃጩ፣ ዓይኑ፣ ማጉረምረሙ።

«ውሃ ይጠጣል?»

«አይ።»

«ይበላል?»

«አይ።»

«ነክሶሻል? ወይንዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ነክሶሻል?»

«አልነከሰኝም» አልኩ። የጠየቀኝን ብቻ መለስኩ።

ጋሽ አያሌው ከአጥሩ በላይ አየና «ይሄማ አብዷል!» ብሎ ጮኸ። ያው ራሱ ጋሽ አያሌው! በቃ፣ ሰፈሩ በአንድ አፍታ ሰማ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ አስገቡ። ሁለት ጎረምሶች ዱላ ይዘው መጡ። ጋሽ አያሌው «ለቀበሌ እንንገር፣ መርዝ ያለበት ሥጋ ይወርውሩለት» አለ። ጌታቸው «የትም አትሂዱ፤ ነገ ጠዋት እኔው እጨርሰዋለሁ። በማያውቀው ሰው እጅ አይሞትም» አላቸው።

ቡቺን ቡችላ ሳለ ከፋብሪካው በር ላይ አንስቶ በጃኬቱ ውስጥ ደብቆ ያመጣው እሱ ነው። አሁን የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጧል፣ ገመድ እጁ ላይ ነው። እራት አልበላም። እኔ መኖ እሰፍራለሁ፣ ሰጋቱራ አስተካክላለሁ፣ ዓይኑን እሸሻለሁ። እውነቱ ከንፈሬ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ብነግረው በምን ዓይኑ ያየኛል? ሰፈሩስ ምን ይለኛል? ይሄን ሳስብ ራሴን ተጸየፍኩ። ነፍስ ሊጠፋ ነው፣ እኔ ስለ ስሜ አስባለሁ።



እሁድ

ጠዋት ጌታቸው ገመዱንና ፍልጡን ይዞ ተነሳ። ጋሽ አያሌውና ጎረምሶቹ ተከተሉ፣ እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከበር ቆመዋል። እኔ የጫጩቶቹን ጣሳ እንደያዝኩ ነበርኩ። ገመዱን አዘጋጅቶ «ቡቺዬ፣ ና» አለው።

በዚያው ድምፅ። እኔ በጠራሁት በዚያው ድምፅ።

«አላበደም!» አልኩ። ጣሳው ከእጄ ወደቀ። «አላበደም፣ እኔ ነኝ! አፉን አቃጥዬው ነው!»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ቅርፊቱን፣ የተቀቀለውን እንቁላል፣ የዶሮዋን ጉድ። የበሩንና የጅራቱን ውሸትም ለእትዬ ዘሃራ ነገርኳቸው። ጌታቸው ፍልጡን አልጣለም።

«አፉን ማን ያዘልሽ?» አለኝ።

«እኔው።»

«ዝም ብሎ ተያዘልሽ?»

«ጠራሁት… መጣ።»

ጋሽ አያሌው ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኔኮ ለብ ያለ ነው ያልኩት» አለ። እትዬ ዘሃራ «አንተ ደግሞ ዝም በል፣ አታፍርም!» ብለው ገሠጹት። ጎረምሶቹ «ያበደችስ ሴትዮዋ ናት» እየተባባሉ ወጡ። ይበሉ።

ጌታቸውና እትዬ ዘሃራ አብረው አፉን አዩት። ጌታቸው አንገቱን አቅፎ ያዘው፣ እሱም እያንቀጠቀጠው ተያዘለት። ምላሱ ተልጧል፣ ድዱ ነጭ ሆኗል። እትዬ ዘሃራ ማር በጣታቸው ቀቡለት። «ይድናል፤ የአፍ ቁስል ቶሎ ነው» አሉ። እኔ አንድ እርምጃ ስጠጋ ግን ቡቺ ሽንቱን ለቀቀው። እትዬ ዘሃራ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እኔ ወደ ቤት ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ጌታቸው ጫጩቶቹ ጋ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ቢጮህ በወደድኩ። «ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?» አለ ዝግ ብሎ። «ሌሊቱን ሙሉ በልቤ ስቀብረው ነው ያደርኩት።»

 

ሰኞ

ጌታቸው በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ስለ ጫጩቶቹ ብቻ ነገረኝ፤ አምፖሉን ትንሽ ከፍ አድርጊ፣ ውሃቸውን ለውጪ። ስለ ቡቺ ምንም አላለኝም። እየወጣ ግን እንጨት ክምሩ ጋ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

ጫጩቶቹ ደህና ናቸው። አንዷ እግሯን ታነክሳለች፣ ለብቻዋ እያበላኋት ነው። ዶሮዋን እትዬ ዘሃራ ወሰዷት፤ «እኔ ጋ ትታረም» ብለው።

ቀዝቃዛ ወተት በሳህን ይዤ ወደ እንጨቱ ሄድኩ። አልጠራሁትም። ከእንግዲህ በዚያ ድምፅ ልጠራው አፌ አይደፍርም። ሳህኑን አስቀምጬ ቆምኩ፣ ወደ ኋላ ሸሸ። ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ፣ አሁንም አልመጣም፣ ዓይኑ እጄ ላይ ነው። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። ዓይኑ እዚያው ነው። መጨረሻ ላይ ዞሬ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ፣ ፊቴን ወደ አጥሩ አድርጌ። ብዙ ቆየሁ፣ እግሬ ደነዘዘ። ጋሽ አያሌው በአጥሩ አየኝና ራሱን መለሰ።

ከዚያ ከኋላዬ ወተቱን በምላሱ ላፕ ላፕ ሲያደርግ ሰማሁ። ቆም ይላል፣ ያመዋል መሰለኝ፣ ደግሞ ይጀምራል።

ዞሬ ላየው በጣም ፈለግሁ። አልዞርኩም።